የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ደጋግሞ ከተቃጠለባችሁ መጀመሪያ ሶኬቱን አስለኩ

እናቴን ልጠይቅ ከሜሪላንድ አዲስ አበባ ለአራት ሳምንት ሄጄ ነበር፣ ሁለቱ ሳምንት በኮምፒውተር ሰሪ ምልልስ አለቀ። የእህቴ ልጅ አርክቴክቸር ነው የሚማረው፣ ዴስክቶፑ እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድ ፓወር ሰፕላይ (የሶኬቱን መብራት ለኮምፒውተሩ በሚስማማ መጠን ቀይሮ የሚሰጠው ሳጥን) በልቷል፣ እኔ እያለሁ ሁለተኛው ጧ ብሎ ቤቱ በሙሉ ሸተተ።

ቦሌ አንድ ሱቅ ወሰድነው። የሱቁ ልጅ ሳይከፍተው "ፓወሩ ነው" አለ፣ 3,800 ብር ከፈልኩ። ነገ ኑ አለን፣ በነጋታው ቴክኒሻኑ የለም፣ ስደውል ስልክ አይነሳም፣ በአምስተኛው ቀን ሰጡን፣ ቤት በገባ በሁለተኛው ቀን ማታ ሞተ! መልሰን ስንወስደው "መብራት ነው ያቃጠለው፣ ዋስትና የለውም፣ ማዘርቦርዱም ሄዷል" ብሎ፣ ሁሉም ዕቃ የሚሰካበትን ዋናውን ሰሌዳ ማለቱ ነው፣ ሌላ 14,000 ጠየቀኝ። ደረሰኝ ስለው በእጁ የጫረው ብጣሽ ወረቀት። እኛ ጋ እኮ ዕቃ መልሰህ ብርህን ትቀበላለህ ብለው "እዛ ነዋ" አለኝ። ብሩስ ይሁን፣ በአማርኛ እያወራሁት እንደ ቱሪስት ሲያየኝ ነው ያመመኝ።

ጎረቤታችን ፒያሳ ጠባብ ክፍል ውስጥ ወደሚሰራ ልጅ ላከን። ፓወሩን ነቅሎ ለብቻው እንዲነሳ ከራሱ ከፓወሩ ገመድ አረንጓዴዋን ሽቦ ከጥቁሯ ጋር አገናኝቶ ሞከረው፣ ፋኑ አልዞረም። የራሱን ፓወር ሲሰካበት ኮምፒውተሩ ተነሳ፣ ማዘርቦርዱ ደህና ነበር!! የሞተውን ከፍቶ አሳየኝ፣ የካፓሲተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ትንሽ ቆርቆሮ) አናት አብጧል፣ 500 ዋት ተጽፎበት ሲያነሱት ግን እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይቀላል። ከዛ "ጋሼ፣ ማታ ማታ ነው አይደል የሚሄደው? ምጣድ በዛው መስመር ነው?" አለኝ። ማንም ያልጠየቀን ጥያቄ።

ቤት ድረስ መጣ። ሶኬቱን በቴስተር ለካ፣ 214 ቮልት። እህቴን "እትዬ፣ እስቲ ምጣዱን ይሰኩት" አላት፣ ቁጥሩ እያየሁት 171 ገባ። ቮልቴጁ ሲወርድ ፓወር ሰፕላዩ ያንኑ ዋት ለማውጣት ብዙ ከረንት ይስባል፣ ይግላል፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ በአንዴ ይመታዋል፣ ርካሹ አይችለውም። ዲቫይደሩን ስንነቅለው አንዱ ቀዳዳ ጠቁሮ ቀልጧል።

ኤሌክትሪሺያን ጠርተን ምጣዱን ለብቻው መስመር አስወጣንለት፣ ዲቫይደሩን ጣልነው፣ ቮልቴጁን የሚያስተካክል ስታብላይዘርና ከበድ ያለ ፓወር ገዛን። የፒያሳው ልጅ ለሁሉም ልፋቱ 800 ብር ብቻ አለኝ፣ የታክሲ ብዬ የጨመርኩለትን በልመና ነው የተቀበለኝ።

ከአሜሪካ ዴስክቶፕ ጭናችሁ የምትሄዱ ደግሞ ከኋላው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ካለው ሳትሰኩ 230 ላይ አድርጉት።

ከተመለስኩ ሁለት ወር አለፈኝ፣ ኮምፒውተሩ አንድም ቀን አልጠፋም፣ ትናንት የሳለውን ቤት ልኮልኛል፣ በረንዳው የእናቴን ይመስላል።