ጥቁር ጉድጓድ ወይስ የኒውትሮን ኮከብ? የሴንታውረሱ የኤክስሬይ ብልጭታ

በግንቦት ምሽት ከጎርጎራ ዳርቻ ጣናን አሻግሮ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው የሴንታውረስን ከዋክብት ከሐይቁ በላይ ያገኛቸዋል። በዚያው አቅጣጫ ባለው ሴንታውረስ ኤ ጋላክሲ አካባቢ፣ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ በብዙ እጥፍ ደምቆ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ወደ ቀድሞው የሚመለስ የኤክስሬይ ምንጭ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ሆኗል።

ምንጩ የኒውትሮን ኮከብ፣ ማለትም ግዙፍ ኮከብ ሲፈነዳ የሚቀር እጅግ የታመቀ እምብርት፣ ነው ብንል፣ ከጓደኛው ኮከብ የሳበው ጋዝ በገጹ ላይ ተከማችቶ በኑክሌር ውህደት ድንገት ሊቀጣጠል እንደሚችል እናውቃለን። ሆኖም እንዲህ ያለው ፍንዳታ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይከስማል፤ ድምቀቱም ጨረሩ ራሱ የሚወድቀውን ጋዝ መልሶ ከሚገፋበት ወሰን እምብዛም አያልፍም፤ ይህ ምንጭ ግን ያንን ወሰን በብዙ እጥፍ ይሻገራል። ማግኔታር የሚባለው ኃይለኛ መግነጢስ ያለው የኒውትሮን ኮከብ ነው እንዳይባል ደግሞ፣ ማግኔታሮች ወጣት ሲሆኑ ምንጩ የሚገኘው በአሮጌ ከዋክብት ክምችት ውስጥ ነው።

በሌላ በኩል ወሰኑ ከክብደት ጋር ስለሚያድግ፣ የመቶዎች ወይም የሺዎች ፀሐይ ክብደት ላለው ጥቁር ጉድጓድ ድምቀቱ አያስቸግርም። እኔም ወደዚህ አደላለሁ፤ ብልጭታው ለምን እንዲህ ፈጥኖ እንደሚነሳ ግን ገና አሳማኝ መልስ አላገኘሁም።

ያም ሆኖ ኑስታር የተባለው የኤክስሬይ የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ2014 በኤም82 ጋላክሲ ያለው ኤም82 ኤክስ-2 የተባለ እጅግ ደማቅ የኤክስሬይ ምንጭ ጨረሩ በየ1.37 ሰከንዱ እንደ ልብ ትርታ እንደሚመታ በማሳየቱ፣ የኒውትሮን ኮከብም ጋዝ እየሳበ ወሰኑን እጅግ ሊያልፍ እንደሚችል ተረጋግጧል። ጥቁር ጉድጓድ ጠጣር ገጽ ስለሌለው እንዲህ ያለ ቋሚ ምት አይሰጥም፤ ስለዚህ በሴንታውረሱ ብልጭታ ውስጥ ምት ከተገኘ ሚዛኑ ወደ ኒውትሮን ኮከቡ ይዞራል።