ሐዋሳ ላይ ሞተር ዝቅ ማስደረግ ለምታስቡ

ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው። የወንድሜ ሞተር ደግሞ ሱዙኪ ዲአር 650፣ መቀመጫው ከመሬት 885 ሚሊ ሜትር። ቁጭ ስልበት መሬት የሚነካው የአንድ እግሬ ጣቶች ብቻ ናቸው። ሲሄድ ግድ የለም። ጭንቁ መቆም ሲመጣ ነው፣ በተለይ ባጃጁ ተሳፋሪ አይቶ ፊታችሁ ቀጥ ሲል። ሞተሩ መጀመሪያ አዲስ አበባ ነበር፤ በ2011 ክረምት ከተማው ውስጥ ያለ ፈቃድ ሞተር መንዳት ሲከለከል ወንድሜ አስጭኖ ሐዋሳ አመጣውና እዚያው ቀረ። እኔ ዘንድሮ ከጀርመን ስመጣ አርባ ምንጭ ድረስ፣ ከተሳካልኝም ጨንቻ ድረስ ልነዳው ነበር ሐሳቤ። ስለዚህ ወይ እኔ ልርዘም ወይ እሱ ይጠር።

የፊቱን ሞላ (ስፕሪንግ) ይዤ ነው የመጣሁት። ከፋብሪካ የሚመጣው ለስላሳ ነው፤ ሻንጣ ጭናችሁ ፍሬን ስትይዙ ፊቱ ጥልቅ ይላል። ቦሌ ላይ ጉምሩኮቹ በማሽን አይተው አስከፈቱኝ። ሁለቱን ረጃጅም ሞላ እያገላበጡ "ይሄ የምን ነው?" አሉ፤ ደረሰኙን ሳሳይ "ለራስሽ ከሆነ ሂጂ"። አለቀ። ደረሰኝ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጃችሁ ላይ ይሁን።

አሁን ወደ ጋራዦቹ።

የመጀመሪያው ትልቅ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ግቢው ንጹሕ፣ ቡና ሁሉ ይጋብዛሉ። ልጁ ሞተሩን ዞር ዞር ብሎ አየና "ቀላል ነው እህቴ፣ የኋላውን ሞላ በግራይንደር ቆረጥ እናደርገዋለን፣ አሁኑኑ ትወስጂዋለሽ" አለኝ። ስንት ኪሎ እንደሆንኩ አልጠየቀም። ምን እንደምጭን አልጠየቀም። ሞላ ሲቆረጥ ሞተር ዝቅ ይላል፣ እውነቱን ነው። ግን የተቆረጠው ጫፍ ማረፊያው ላይ እኩል አይቀመጥም፣ የቀረው ሞላ ይደርቃል፣ ጉድጓድ ሲገጥማችሁ ደግሞ ሾኩ (ንዝረት የሚውጠው፣ ሞላውን የያዘው ክፍል) የሚጨመቅበት ቦታ ስለሚያንስ ታች ደርሶ ይላተማል። ከዚያ የኋላው ብቻ ወርዶ የፊቱ እንዳለ ከቀረ መሪው ይሰንፋል፣ ኩርባ ላይ አልታጠፍም ይላል። እምቢ ስለው "ስንቱን ሰርተናል!" ብሎ ተቀየመኝ። ለምርመራ ብለው 500 ብር ተቀበሉኝ፤ ምን እንደመረመሩ ግን አላየሁም። ቡናው ጥሩ ነበር።

ሁለተኛው አቶቴ አካባቢ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው፣ ታፔላ እንኳን የለውም። ባለቤቱ ሸምገል ያሉ መካኒክ ናቸው። ገና ከመውረዴ "ልጄ፣ ስንት ኪሎ ነሽ?" አሉኝ። እንዲህ ሰው ፊት ተጠይቄ አላውቅም፣ ግን ነገርኳቸው። "ዕቃሽስ?" ቀጠሉ። ከዚያ ሞተሩ ላይ አስቀምጠውኝ፣ አንዱ ልጅ ደግፎ ይዞ፣ እሳቸው ከኋላ ጎማው እምብርት እስከ መቀመጫው ጭራ በሜትር ለኩ። ሳልቀመጥም ለኩ፣ ከነሻንጣዬም ለኩ። የዚህ ሞተር የኋላ ጎማ 260 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወርዳል ይወጣል፤ ነጂው ሲቀመጥበት ከዚያ ሲሶው ያህል መውረድ አለበት፣ ካለፈ ሞላው ለስላሳ ነው፣ ካነሰ ደረቅ ነው ማለት ነው። ጀርመን ውስጥ ይህን ለመለካት ቀጠሮ ይዤ፣ ከፍዬ ነው።

ከዚያ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። የኋላውን ሾክ የታች ጫፍ በጨርቅ ጠረግ ጠረግ ሲያደርጉት ከጭቃውና ከግራሶው ስር ሌላ ቀዳዳ ብቅ አለ። "ጃፓኖቹ አስበውልሻል" አሉኝ እየሳቁ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዲአር 650 ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ሲፈለግ ዝቅ ማለት እንዲችል ተደርጎ የተሰራ ነው። ከኋላ ብሎኑን ወደ ሁለተኛው ቀዳዳ ማዛወር ነው፤ ከፊት ደግሞ ሾኩን ፈትቶ ውስጥ ያለውን ስፔሰር (ክፍተት የሚሞላ አጭር ቱቦ) ቦታውን መቀየር። ሁለቱም ሲደረግ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል። መቁረጥ የለ፣ መበየድ የለ፣ ሲያሻችሁ ይመለሳል።

የፊቱ ሲፈታ የወጣው ዘይት የቡና አተላ ይመስል ነበር። ዘይቱ እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ፣ ሲል የሚሉትም፣ አርጅቷል። ሐዋሳ ላይ ልኩ ጠፋ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ደውለው በአውቶቡስ አስላኩልኝ። እዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ፦ "ነገ ይደርሳል" የተባለው ሐሙስ ሆነ፣ ሐሙስ ደግሞ "ከሰዓት ነይ"። የዕረፍት ቀን ለሚቆጥር ሰው ይሄ ያማል። ሥራው ላይ ግን ቃል አይወጣኝም። አዲሱን ሞላ ከማስገባታቸው በፊት ዘይቱን በሁለቱም በኩል ምልክት ባደረጉበት ሽቦ እየለኩ፣ ትንሽ ሲበልጥ በሲሪንጅ እየሳቡ እኩል አደረጉት። የእጅ ዋጋ 3,500 ብር።

ሞተር ዝቅ ሲል የጎን ማቆሚያው ይረዝማል፣ ይሄን ብዙ ሰው አያስበውም። ሞተሩ ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ ይቆምና ነፋስ ሲነካው በሌላው ጎን ይወድቃል። ጎረቤት ያለው ቶርኖ ቤት ቆርጦ በየደልኝ፣ ከስር የሚገባ የላሜራ መከላከያም ሰራልኝ። ብየዳው ለዓይን አያምርም፣ ግን ንቅንቅ አላለም።

መቀመጫውን ግን ተዉት። የመኪና ወንበር የሚሰፉ ልጆች ስፖንጁን ትንሽ እንዲቀንሱ ሰጥቻቸው ከልክ በላይ ገፈፉት። ሻሸመኔን አልፌ ሃላባ ሳልደርስ ቂጤ ደነዘዘ። ሶዶ ላይ ጋቢ አጥፌ ተቀመጥኩበት።

መንገዱ ላይ ግን ሞተሩ ሌላ ሞተር ሆነ። ሁለት እግሬ መሬት ይረግጣል፣ ሙሉ ባይሆንም ይበቃል። ፍሬን ስይዝ ፊቱ አይጠልቅም። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ ከ1,300 ሜትር ተነስታችሁ ከ2,700 በላይ ነው የምትወጡት፤ ካርቡሬተሩ ሽቅብ ትንሽ ቢደክምም ሾኩ ከድንጋይ ድንጋይ ሲያልፍ ወገቤን አልነካውም። ያጣሁት ከስር ያለውን ክፍተት ነው። 265 ሚሊ ሜትር ከነበረው ላይ ያቺ 4 ሴንቲ ሜትር ስትቀነስ ትልቅ ድንጋይ ላይ ላሜራው ቋ ይላል። ላሜራ ሳታስገቡ እንዳትሞክሩት።

ወንድሜ 1 ሜትር ከ85 ነው፣ ጉልበቴ ጆሮዬ ጋ ደረሰ እያለ ያማርራል። ብሎኑን ወደ መጀመሪያው ቀዳዳ ሊያስመልስ ነው፣ ማቆሚያውንም ሊያስረዝም። የፊቱን ሞላ ግን ማንም አይነካብኝም ብሏል።