ቭሩም ከወራት አገልግሎት በኋላ፦ የዴሊቨሪ ትዕዛዝን ከጉግል ሺትስ ወደ መስመር ዕቅድ ማስገባት

ቭሩም በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የመስመር ማውጫ ሶፍትዌር ነው። ትዕዛዞቹንና መኪኖቹን ሲሰጡት የትኛው መኪና የትኛውን ትዕዛዝ በምን ቅደም ተከተል፣ በስንት ሰዓት እንደሚያደርስ አውጥቶ ይመልሳል። የመንገዱን ርቀትና ጊዜ የሚያሰላለት ኦኤስአርኤም የተባለ ሌላ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ካርታው ደግሞ የኦፕንስትሪትማፕ ነው። እኛ አዲስ አበባ ውስጥ ለውኃና ለጽዳት ዕቃ ማከፋፈያ ለወራት ሠርተንበታል። ትዕዛዙ በስልክና በቴሌግራም ይመጣል፣ ጉግል ሺትስ በተባለው የኢንተርኔት ሠንጠረዥ (ከዚህ በኋላ «ሺቱ») ላይ ይመዘገባል፣ ማታ ወደ ቭሩም ይገባል። ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ለዚህ ከተማ በዶላር ከሚከፈልባቸው ፕሮግራሞች ይልቅ ይኼ ይስማማል፤ አድራሻንም ሰዓትንም በራሱ ልገምት አይልምና። በዚያው ልክ ግን ሺቱ ካልጠራ ምንም አይሠራልዎትም።

መጀመሪያ ስለ ሎኬሽን። ቭሩም የሚቀበለው የኬክሮስና የኬንትሮስ ቁጥር ብቻ ነው። «ከሃያ ሁለት ወደ መገናኛ ሲሄዱ ከማደያው ጀርባ» የሚለው ለሹፌሩ ይጠቅማል እንጂ ለስሌቱ አይገባም። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ተናግሮ ዕቃ የሚያዝ ደንበኛ እዚህ ብርቅ ነው። አድራሻን ከጽሑፍ የሚፈልጉ ፕሮግራሞች «ቦሌ» የሚል ብቻ ሲያገኙ ፒኑን የክፍለ ከተማው መሀል ላይ ሊተክሉትና የተሟላ ሊያስመስሉት ይችላሉ። ቭሩም ላይ ቁጥር የሌለው ረድፍ ጨርሶ ስለማይገባ ጉድለቱ ሹፌሩ መንገድ ላይ ሳለ ሳይሆን ማታውኑ ይታያል።

ቁጥሩን ከጉግል ማፕስ ሲወስዱ ጥንቃቄ ይሻል። በረጅሙ ሊንክ ላይ ከ@ ምልክት ቀጥሎ ያለው ጥንድ ቁጥር የስክሪኑ መሀል እንጂ ፒኑ አይደለም፤ ካርታው ሲንሸራተት አብሮ ይቀየራል። ኮምፒውተር ላይ ቦታውን ቀኝ ክሊክ አድርጎ ከላይ የሚመጣውን ጥንድ ቁጥር መጫን ይሻላል፤ ወዲያው ይገለበጣል። ከነጥብ በኋላ 5 አሃዝ ሲኖር ስህተቱ 1 ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ 3 አሃዝ ካጠረ አንዱ እርምጃ 110 ሜትር ያህል ስለሚሆን ግቢ ያሳስታል። ደንበኛው ሎኬሽን በቴሌግራም ሲልክም ዕቃው የሚደርስበት ቦታ ላይ ቆሞ መሆኑን መጠየቅ ግድ ነው። ቢሮው ተቀምጦ የቤቱን ትዕዛዝ የሚልክ ብዙ ነው።

ጉግል ኬክሮሱን ያስቀድማል፣ ቭሩም ደግሞ ኬንትሮሱን። መስቀል አደባባይ በግምት 9.01 በ38.76 ነው፤ ቢገላበጥ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ሜዲትራንያን ባሕር ላይ ይወድቃል። የሚያሳስበው ኦኤስአርኤም በዚህ አለመጮኹ ነው። ከተጫነለት ካርታ ውስጥ ለነጥቡ የሚቀርበውን መንገድ ይይዝና ስሌቱን ይቀጥላል፤ የኢትዮጵያ ካርታ ብቻ ካለው ትዕዛዙ ከከተማው እጅግ ርቆ ያርፋል፣ መኪናው በሥራ ሰዓት ስለማይደርስበትም «ያልተመደበ» ተብሎ ይመለሳል። መከላከያው ሺቱ ላይ ነው፦ ኬክሮስ ከ8.8 እስከ 9.15፣ ኬንትሮስ ከ38.6 እስከ 39.0 ካልሆነ ሴሉ እንዳይቀበል በዳታ ቫሊዴሽን (የሚገባውን ቁጥር በሚገድበው የሺቱ ቅንብር) መዝጋት። ከቁጥሩ መሀል ነጥቡ የጠፋበትም የተገለበጠ ጥንድም እዚያው ይያዛል።

ሎኬሽኑን በየቀኑ መጠየቅ ስለማያዋጣ የደንበኞች ዝርዝር በተለየ ሺት ይቀመጣል፤ መፈለጊያው ስልክ ቁጥር ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ የሚበላሸው። ሺቱ 09 ወይም 07 ብሎ የሚጀምረውን ስልክ እንደ ሒሳብ ቁጥር ስለሚያየው የፊቱን ዜሮ ይጥላል። ኤክሴል ላይ ደግሞ በ251 የሚጀምር 12 አሃዝ ሲጻፍ በሳይንሳዊ አጻጻፍ አሳጥሮ ያሳየዋል፤ በዚያ መልኩ ወደ ሲኤስቪ (ኮለሞቹ በኮማ ብቻ ወደሚለዩበት ተራ የጽሑፍ ፋይል) ከተቀመጠ የመጨረሻዎቹ አሃዞች አይመለሱም። ኮለሙን ከመሙላት በፊት ወደ ጽሑፍ መለወጥ፣ ከዚያ ክፍተቶቹን አጥፍቶ ከቀኝ 9 አሃዝ ብቻ የሚወስድ ረዳት ኮለም ማዘጋጀት ይበቃል። ዜሮ ያለውም የሌለውም፣ በ251 የጀመረውም ያን ጊዜ አንድ ይሆናሉ። በስም መፈለግ ግን አይሞከር፤ «ኃይሌ»ና «ሀይሌ» ለእኛ አንድ ሰው ቢሆኑም ለሺቱ ሁለት ናቸው።

በጣም የምወደው የሰዓቱ ነገር ነው። 24 ሰዓት የሚቆጥር ፕሮግራም ላይ «ከ8 እስከ 10» ተብሎ የገባ የደንበኛ ቀጠሮ በእኛ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ይሆናል፤ ሹፌሩ ስድስት ሰዓት ቀድሞ ይሄዳል ማለት ነው። ስለዚህ በየረድፉ 6 ሰዓት መደመር ያስፈልጋል፣ አንዱ ሲረሳ ደግሞ ማንም አያውቅም። ቭሩም ግን ሰዓትን የሚያውቀው በሰከንድ ቆጠራ ብቻ ነው፣ ቆጠራው ከየት እንደሚጀምር ግድ የለውም። ዜሮውን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ማድረግ ይቻላል። ያኔ 3 ሰዓት 10,800 ነው፣ ከቀኑ 8 ሰዓት 28,800፣ 11 ሰዓት 39,600። ቀመሩ ሰዓቱን በ3,600 ማባዛት ብቻ ነው፤ ጠዋት 12 ብቻ ዜሮ ተብሎ ይገባል። ውጤቱም ሲመለስ ለ3,600 ሲካፈል ሹፌሩ የሚያውቀው ሰዓት ይወጣል።

ቀኑ እንዲህ አይቀልም። በእኛ አቆጣጠር 30/2 ተብሎ የተጻፈ ጥቅምት 30 በጎርጎርዮሳዊው የሌለ ቀን ስለሆነ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል፤ 10/2 ግን ዝም ብሎ የጎርጎርዮሳዊ ቀን ይሆናል። ኮለሙን በሙሉ ጽሑፍ አድርጎ የነገውን ትዕዛዝ በማጣሪያ መለየት ይሻላል፤ ቭሩም ቀን አይፈልግም።

ከሺቱ ወደ ቭሩም የሚያሻግረው ጄሰን የሚባል ቅርጽ ነው፤ አጭር አፕስ ስክሪፕት (ጉግል ሺትስ ውስጥ የሚጻፍ ትንሽ ፕሮግራም) እያንዳንዱን ረድፍ ወደዚያ ይለውጣል። የትዕዛዝ መለያው ሙሉ ቁጥር መሆን አለበት፣ ፊደል ካለበት ወደ መግለጫው ይሄዳል። የጭነት መጠንም ሙሉ ቁጥር ነው፤ 2.5 ኪሎ የሚለው 2,500 ግራም ተብሎ ይግባ። ጄሪካንና ካርቶን ለየብቻ የሚቆጠሩ ከሆነ የመኪናው አቅም ላይም ሁለቱ በዚያው ቅደም ተከተል መጻፍ አለባቸው። የደንበኛ ስምና ስልክ ለስሌቱ ስለማያስፈልግ ሺቱ ላይ ይቅር።

የማራገፊያ ጊዜው በሰከንድ መሆኑን ደግሜ እላለሁ። 5 ደቂቃ ለማለት 5 የተጻፈበት ዕቅድ ሲያዩት ያስደስታል፤ አንዱ መኪና የሁለቱን ሥራ የጨረሰ ይመስላል፣ በማግስቱ ግን እኩሉ ሳይደርስ ይመሻል። 300 ነው መሆን ያለበት። ፎቅ ቤቶች ላይ ጊዜውን ለሁለት መክፈል ይቻላል፦ መኪና ማቆሚያ ፍለጋና ጥበቃ የሚወስደው መዘጋጃ፣ ዕቃ ማስረከቡ ማራገፊያ ተብሎ። እዚያው ሕንፃ ሌላ ትዕዛዝ ተከታትሎ ካለ መዘጋጃው አይደገምም፤ ግን የሁለቱ ሎኬሽን እስከ መጨረሻው አሃዝ አንድ መሆን አለበት። ቅድሚያ የሚለው ኮለም ደግሞ ብዙዎችን ያሳስታል። ከ0 እስከ 100 ያለው ይህ ቁጥር ጊዜ ሲያጥር የትኛው ትዕዛዝ እንዳይቀር የሚወስን ነው እንጂ የትኛው ቀድሞ ይሂድ የሚል አይደለም። ቀድሞ እንዲደርስ የሚፈለግ ትዕዛዝ በሰዓት ገደብ ነው የሚታዘዘው።

ደካማ ጎኑ የትራፊክ መጨናነቅን አለማወቁ ነው። ለየመኪናው የፍጥነት ማስተካከያ ቁጥር አለ፤ እኛ ከ1 ወደ 0.6 አውርደነዋል። ይህ ቁጥር ለቀኑ በሙሉ አንድ ስለሆነ ግን አንዱን መኪና «ጠዋት»ና «ከሰዓት» ብሎ ሁለት መኪና አድርጎ መመዝገብ ጥሩ መላ ነው። ቭሩም መኪናውን መሀል ላይ መጋዘን መልሶ እንደገና ስለማይጭን ይኸው መላ ለሁለተኛው ዙር ጭነትም ያገለግላል።

ሌላው መንገድ የሚከፍለው ነገር ነው። ቀለበት መንገዱና የቀላል ባቡሩ ሐዲድ ባለበት አካባቢ ፒኑ የሕንፃው መሀል ላይ ከተተከለ ኦኤስአርኤም ከማዶ ያለውን መንገድ ሊይዝ ይችላል። ሹፌሩ ሕንፃውን እያየው ዞሮ ለመምጣት ረጅም መንገድ ይሄዳል። ፒኑ የመኪና መግቢያው በር ላይ ይሁን። ከሌላው መንገድ ጋር ያልተገናኘ ቁራጭ መንገድ ላይ ካረፈ ደግሞ መንገድ አልተገኘም የሚል ስህተት መጥቶ ዕቅዱ በሙሉ ይቆማል፤ መልእክቱ ላይ ያለውን ነጥብ ሺቱ ውስጥ ፈልጎ ማረም ነው።

ውጤቱን ለሌላ ፕሮግራም በሲኤስቪ የሚሰጥ ሰው ኤክሴል ላይ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ዓይነት ይምረጥ፤ በተራው ሲኤስቪ የአማርኛው ፊደል ወደ ጥያቄ ምልክት ይለወጣል። አድራሻ ውስጥ የእንግሊዝኛው ኮማ ካለና በጥቅስ ካልታሰረ ረድፉ ተከፍሎ ኮለሞቹ ይዛነፋሉ፤ የእኛው «፣» ግን እንደ ማንኛውም ፊደል ስለሚታይ አይከፍለውም።

ለሹፌሩ የሚላከው የጉግል ማፕስ ሊንክ ከመድረሻው ሌላ ቢበዛ 9 መቆሚያ ይይዛል፤ የስልክ ብራውዘር ላይ ከተከፈተ ወደ 3 ይወርዳል። ስክሪፕቱ መስመሩን በዘጠኝ ዘጠኝ ቆርጦ፣ የአንዱን መጨረሻ የሚቀጥለው መነሻ አድርጎ በቴሌግራም ይልካል፤ ከየሊንኩ በታች የትዕዛዝ ቁጥሩ፣ ስልኩና «ከማደያው ጀርባ» የሚለው ይጻፋል።