37 ሴንሰር ያለው የጀማሪ ኪት፣ ከስምንት ወር በኋላ

ይህን የኤሌክትሮኒክስ መማሪያ ኪት ስገዛ ዓይኔን የወሰደው ሳጥኑ ላይ የተጻፈው «37 ሴንሰር» የሚለው ነው፤ ሴንሰር ማለት እንደ ሙቀትና ብርሃን ያለውን ነገር የሚለካ ትንሽ ዕቃ ነው። ስምንት ወር ሆነኝ። የነካኋቸው ስድስቱን ብቻ ነው።

ከእጄ የማይለየው ቦርዱ ነው። የአርዱዪኖ ኡኖ ቅጂ ነው፣ ማለትም ኮድ ተጭኖበት መብራትና ሞተር የሚያዝ ትንሽ ሰሌዳ፤ ያው አትሜጋ328 ቺፕ፣ 16 ሜጋኸርዝ፣ 32 ኪሎባይት የፕሮግራም ማስቀመጫ። በመጀመሪያው ቀን ኮምፒውተሬ አላውቅህም አለው። የዩኤስቢ ቺፑ ሲኤች340 የሚባለው ነበር፤ ድራይቨሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ቺፑን እንዲያውቀው የሚያደርገውን ፕሮግራም፣ ስጭን ታረቁ። ከዚያ ወዲህ አላስቸገረኝም።

አብሮት የመጣው መጽሐፍ ግን «ይህን እዚህ ሰካ፣ ይህን ኮድ ቅዳ» ከማለት አያልፍም። ለምን? መልስ የለም። እኔም ሬዚስተሩን (የኤሌክትሪክ ፍሰቱን የሚገድበውን) እንደ ጌጥ ቆጥሬ ሳልሰካው አንድ ቀይ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) አቃጠልኩ። ከዚያ በኋላ ነው እስክሪብቶ ያነሳሁት። ቦርዱ 5 ቮልት ይሰጣል፣ ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ይወስዳል። የቀረው 3 ቮልት ለሬዚስተሩ 220 ኦም ሲካፈል 14 ሚሊአምፒር ገደማ ይመጣል። ለቦርዱ አንድ ፒን (መሰኪያ) የሚመከረው እስከ 20 ሚሊአምፒር ስለሆነ ችግር የለውም። ይህቺ አንድ መስመር ስሌት ከመጽሐፉ ሃያ ገጽ ትበልጥብኛለች።

ሰርቮ ሞተሩ (ወደታዘዘው ማዕዘን የሚዞረው ትንሽ ሞተር) ደግሞ አሳሩን አሳየኝ። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር ቦርዱ ጠፍቶ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሁለት ምሽት ኮዴን ስበረብር አመሸሁ። ኮዱ ምንም አልሆነም ነበር! መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ተውሼ ስለካ ሞተሩ ሲነሳ 5 ቮልቱ ይወርዳል። ለካ ቦርዱንም ሞተሩንም የምትመግበው ያቺ ትንሿ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ሞተር የማንቀሳቀስ አቅም የላትም። ለሞተሩ አራት ባለ 1.5 ቮልት ባትሪዎች ለብቻው ሰጠሁት፤ ግራውንዶቹን (የቦርዱንና የባትሪዎቹን ኔጌቲቭ መስመር) ግን አገናኘኋቸው። በቃ፣ ሰላም ሆነ።

መልቲሜትሩ ኪቱ ውስጥ አለመኖሩ እስካሁን ያናድደኛል። ሠላሳ ሴንሰር ቀንሰው እሱን ቢጨምሩ ምን ነበረበት? አሁን ብጀምር ቦርድ፣ ብሬድቦርድ (ሽቦ ያለ ብየዳ የሚሰካበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ)፣ ጥቂት ሬዚስተርና ኤልኢዲ፣ ሁለት ማብሪያ ቁልፍ፣ ከዚያ መልቲሜትር እገዛለሁ። ሴንሰር የምገዛው የምለካው ነገር ሲኖረኝ ነው።

ብሬድቦርዱ እያረጀ ነው። መሃል ላይ ያሉት ቀዳዳዎች ላልተዋል፣ ሽቦ ሲነካ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል። ባለፈው ሳምንት እንደ ልማዴ ኮዱን ልከፍት ስል ትዝ አለኝና መጀመሪያ ሽቦውን ጫን አልኩት። በራ።