ልጄን ማንበብ ላስተማረችልኝ መምህርት፦ ምስጋናም ጥቆማም

ይህን ለመጻፍ ሁለት ወር ፈራሁ። ደስታው ይበንብኛል ብዬ ነው። ትናንት ማታ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጄ፣ ሦስተኛ ክፍል ደርሶ ከስሙ ሌላ ቃል ማንበብ ያቃተው አቡሽዬ፣ ለታናሽ እህቱ ተረት አነበበላት። ቀስ እያለ፣ እየተሳሳተ፣ እየተመለሰ። ግን አነበበ! ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ነውር ነው።

እዚህ እስክንደርስ ያየነውን እኔና እግዜር ነን የምናውቀው። አንደኛ ክፍል ላይ "ይለምዳል፣ አትቸኩይ" ተባልኩ። ሁለተኛ ክፍል ላይ "ሰነፍ ነው፣ ቤት አታስጠኚውም" ተባልኩ። ልጄን የኋላ ወንበር ላይ ወስደው አስቀመጡት። ሦስት አስጠኚ ቀያየርኩ። አንዱ ጆሮውን ሲጎትተው በዓይኔ አይቼ በዚያው ቀን አሰናበትኩት። ዓይኑ ተመረመረ፣ ደህና። ጆሮው ተመረመረ፣ ደህና። ጸበልም ወሰድኩት። በመጨረሻ "የልዩ ፍላጎት ክፍል አለን" ያሉኝ ዘንድ ተበድሬ ከፈልኩ፤ ዓመቱ ሥዕል ቀለም ሲቀባ አለቀ። አስተማሪው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ልጄን ይወደዋል። አንድ ቀን አፋጥጬ ስጠይቀው "እውነቱን ልንገርሽ፣ እኛ የተማርነው ስለ ጉዳት ዓይነቶች ነው። ንባብ እንዴት እንደሚያስተምሩ ማንም አላሳየንም" አለኝ። በእሱ መናደድ እንኳን አልቻልኩም። ታክሲ ውስጥ ግን አለቀስኩ።

ይቺን መምህርት የጠቆመችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። መጀመሪያ ቀን ሄደን ቁጭ አልን። አቡሽ ከሀ እስከ ፐ ሸመደደላት፣ እኔም ኮራሁ። እሷ ፈገግ ብላ ጠበቀችውና አንድ ካርድ አወጣች። "ሩ" ነው። ልጄ ዝም አለ። ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል፣ ጣቱ ጠረጴዛው ሥር ይቆጥራል። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ፣ ረ... ከዚያ "ሩ!" አለ። እኔ በሦስት ዓመት ያላየሁትን እሷ በአምስት ደቂቃ አየችው። ወደ እኔ ዞር ብላ "አዩት? አንዷን ፊደል ለማግኘት ሁሌም ከሀ ነው የሚነሳው። እንዲህ እየለፋ እዚህ መድረሱ ጉብዝናው ነው" አለችኝ። ከዚያ ወደ እሱ ጎንበስ ብላ "አንተ ሰነፍ አይደለህም፣ እሺ? ያስተማሩህ መንገድ ነው ያልተስማማህ" አለችው። አቡሽ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ያቺን አስተያየቱን እስክሞት አልረሳትም፤ እኔም "ሰነፍ" ያልኩበት ቀን አለና።

ዲስሌክሲያ ይባላል አለችኝ፤ ፊደልን ከድምፁ ጋር ማገናኘት የሚከብድበት የንባብ ችግር ነው። የዓይን ችግር አይደለም፣ የማሰብ ጉድለትም አይደለም። በዘርም ይሄዳል አለችና "በቤተሰብ ማንበብ የከበደው ሰው አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። ታላቅ ወንድሜ ትዝ አለኝ። ስድስተኛ ክፍል ላይ አቋርጦ ጋራዥ የገባው፣ ሞተር በድምፁ ብቻ የሚያውቀው፣ አባታችን "ደንቆሮ" እያለ ያሳደገው ወንድሜ። ደረቴ ላይ ድንጋይ የተቀመጠ መሰለኝ።

የምታደርገው ሁሉ አይገባኝም። ትሪ ላይ ዱቄት ነስንሳ ፊደሉን በጣቱ ታስጽፈዋለች፣ ሲጽፍ ድምፁን ይጠራል። ኦርተን ጊሊንግሃም የሚባል፣ አሜሪካ ውስጥ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የሚሠራበት ዘዴ ነው አለችኝ። የተሠራው ለእንግሊዝኛ ስለሆነ ለእኛ ፊደል ራሷ ናት ያስማማችው። 33ቱ ፊደል በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ እኛ ሁሉንም በአንድ ገበታ ሰቅለን አንብብ እንላለን። እሷ ግን ቡ፣ ሉ፣ ሙ፣ ሱ "ወገባቸውን ይዘዋል" ትለዋለች። ቢ፣ ሊ፣ ሚ፣ ሲ "ጫማ አድርገዋል"። ቤ፣ ሌ፣ ሜ፣ ሴ "ቀለበት አላቸው"። አሁን አቡሽ ሰው ሁሉ ላይ ቀለበትና ጫማ ሲፈልግ ነው የሚውለው። ሳድስ ላይ ብዙ ቆዩ፣ እሱ ወጥ መልክ የለውማ። አንድም ቀን ስትቆጣው አልሰማሁም።

ልብ በሉልኝ፣ ትዕግሥት ብቻ አይደለም ያላት። ትዕግሥትማ የቀድሞውም አስተማሪ ነበረው። እሷ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ አላት፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ንባብ ማስተማርን ብቻ ለብቻው ሠልጥናለች። ስታስተምር ራሷን እየቀረጸች ለአሠልጣኟ ትልክ ነበር፣ ስህተቷ እየተነገራት እንደገና ትሠራ ነበር። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው! ስለዚህ ወላጆች፣ እባካችሁ "የልዩ ፍላጎት ክፍል አላችሁ ወይ?" ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። "ንባብ ማስተማር የት ተማራችሁ? ስታስተምሩ አይቶ ያረማችሁ ሰው አለ?" በሉ። እኔ ይህን ጥያቄ ባውቀው ኖሮ ሁለት ዓመትና የብድር ገንዘብ ይተርፈኝ ነበር። ትምህርት ቤት ያላችሁ ሰዎችም፣ መምህሮቻችሁን ይህን ሥልጠና አስተምሯቸው። እባካችሁ።

ስሟን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ተውኩት። ለልጃችሁ የምትፈልጓት በኢንቦክስ ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜም ታስተምራለች። የኔ እህት፣ ይህን ካነበብሽው፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ።

ባለፈው ቅዳሜ አቡሽን ያደረሰው ወንድሜ ነበር። አድርሶት ይመለሳል ብዬ ስጠብቅ ጥግ ላይ ቁጭ ብሎ ትምህርቱን ሙሉ አይቶ መጣ። ማታ ደውሎ "ለትልቅ ሰውም ታስተምራለች እንዴ?" አለኝ። ጠየቅኳት። ታስተምራለች።