ቡዳፔስት በብርዱ ወራት፦ ለአንድ የሌሊት እንግዳ ተቀባይ ምስጋና

በብርዱ ወቅት፣ በዝቅተኛ በጀት የሀንጋሪን ዋና ከተማ ቡዳፔስትን ለማየት ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡልኝ። ምስጋናም ጥቆማም ነው። ምስጋናው የሚገባቸው ሰው ኬሌቲ ከሚባለው ትልቅ የባቡር ጣቢያ አቅራቢያ ባለች ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ አዛውንት ናቸው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ አልፈለጉም። «ሥራዬ ነው፣ ይከፈለኛል» ብለው ነገሩን ዘጉት። እኔና እህቴ እርስ በርሳችን «አባባ» እያልን ስለምንጠራቸው እዚህም እንደዚያው ልቀጥል።

ርካሽ ማረፊያ የያዘ ሰው ብዙ ጊዜ የሚደርሰው የክፍያ ማረጋገጫና የበር ኮድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በራስህ ተወጣው። አባባ ግን ገና ሳንነሳ የበረራ ቁጥራችንን ጠየቁ። በዲሴምበር 23 ማታ እንደምናርፍ ሲያዩ ወዲያው ሌላ መልእክት ላኩ። ሀንጋሪዎች ገናን በዋናነት የሚያከብሩት በዋዜማው በ24 ማታ ነው፤ ከ2024 ወዲህ ደግሞ ዕለቱ ራሱ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። ሱፐርማርኬቶች አይከፍቱም፣ በ25ና በ26ም እንደዚያው። ትራሙና አውቶብሱም በ24 ከሰዓት በኋላ እየተመናመነ ሄዶ ማታ ጥቂት መስመሮች ብቻ ይቀራሉ። «በደረሳችሁበት ሰዓት ሱቅ አታገኙም። ዳቦ፣ እንቁላል፣ አይብ፣ ወተት ልግዛላችሁ? ሥጋ ትበላላችሁ?» ይላል መልእክቱ።

እውነት ለመናገር መጀመሪያ ተጠራጠርኩ። በጉዞ ላይ ያልጠየቅከውን የሚያቀርብልህ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሒሳቡን ከኋላ ያመጣዋል። እህቴ ናት «እሺ በላቸው» ያለችኝ።

ቀጥሎ የመጣው የትራንስፖርቱ ምክር ነው። ከሊስት ፌሬንጽ አየር ማረፊያ ወደ መሀል ከተማ በሕዝብ ማመላለሻ የሚገባባቸው ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው። 100ኢ የሚባለው አውቶብስ በቀጥታ ዴያክ ፌሬንጽ አደባባይ ያደርሳል፤ ነገር ግን የራሱ ልዩ ትኬት አለው፣ ዋጋውም ከመደበኛው ትኬት በእጥፍ ድርብ ይበልጣል። 200ኢ ደግሞ ኮባኛ-ኪሽፔሽት ድረስ ወስዶ ከሰማያዊው ሜትሮ ጋር ያገናኛል፤ ለእሱ መደበኛው ትኬት ይበቃል። አባባ የ72 ሰዓቱን የጉዞ ካርድ እዚያው አየር ማረፊያው እንድንገዛ፣ በ200ኢ ወጥተን ሰማያዊውን ሜትሮ እንድንይዝ፣ ካልቪን አደባባይ ላይ ወደ አረንጓዴው መስመር ቀይረን መጨረሻው ኬሌቲ እንድንወርድ ጻፉልን። «ሻንጣችሁ ከባድ ከሆነ፣ ወይም ከደከማችሁ፣ 100ኢን ያዙ፤ ገንዘቡ አይቆጫችሁም» የሚልም ጨምረውበታል። ይህቺን ነው የወደድኩላቸው። ቆጥቡ ብሎ ከመስበክ ይልቅ ዋጋውንና ድካሙን ጎን ለጎን አስቀምጠው ምርጫውን ለእኛ ተዉልን።

በነጠላ ትኬት የምትጓዙ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። የወረቀቱን ትኬት መግዛት ብቻውን አይበቃም፤ በሜትሮው መግቢያ ወይም በትራሙ ውስጥ ባለችው ማሽን መመታት አለበት። ተቆጣጣሪዎቹ ከሜትሮው ደረጃ አፍ ላይ ይቆማሉ፣ «እንግዳ ነኝ» ማለት አያዋጣም። ከገንዘብ ማውጫ ማሽንም ፎሪንት (የሀንጋሪ ገንዘብ) ስታወጡ «በራስዎ ሀገር ገንዘብ እንመንዝርልዎ?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። እምቢ በሉ፤ ምንዛሪውን ባንካችሁ ይሥራው። ይህም የአባባ ምክር ነው። የማሽኑ ተመን ስንት እንደሚያስከፍል ለማየት ያህል ስክሪኑን ትንሽ ቆሜ አየሁት፣ በቃኝ።

በረራችን ዘግይቶ ነበር። ሰፈሩ ስንደርስ መንገዱ ጭር ብሏል፣ ብርዱም ጆሮ ይቆርጣል። ማረፊያው ያለው በፔሽት በኩል (ከዳኑብ ወንዝ ወዲህ ማዶ ባለው የከተማው ግማሽ፤ ሌላው ግማሽ ቡዳ ይባላል) በብዛት ከሚታዩት ከእነዚያ አሮጌ ሕንፃዎች በአንዱ ነው፤ ከውጭ ግዙፍ የእንጨት በር፣ ከውስጥ አራት ማዕዘን ግቢ፣ በየፎቁ ዙሪያውን የብረት አጥር ያለው መተላለፊያ። አባባ ደወል እስክንደውል አልጠበቁም። የሱፍ ሹራባቸውን ደርበው፣ ነጠላ ጫማ በካልሲ አድርገው፣ በሩን ከፍተው ቆመዋል። የበረራውን መዘግየት ሲከታተሉ አምሽተው ኖሯል። ያለ አንድ ቃል የእህቴን ሻንጣ ተቀብለው ወደ ደረጃው ቀደሙን።

ማረፊያው «2ኛ ፎቅ» ነው ይላል ማስታወቂያው። እዚያ ሀገር ግን ምድር ቤቱ አይቆጠርም፤ በብዙ አሮጌ ሕንፃ ደግሞ በምድር ቤቱና በ1ኛው ፎቅ መካከል የማይቆጠር ግማሽ ፎቅ አለ። ስለዚህ 2ኛ ሲሏችሁ በእግራችሁ የምትወጡት ሦስት ነው። አሳንሰር የለም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ጥቆማዬ ሐቀኛ አይሆንም።

ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አንድ የወረቀት ከረጢት ተቀምጧል፤ ዳቦ፣ ስድስት እንቁላል፣ አይብ፣ ወተት፣ ሁለት ፖም። ደረሰኙ ከረጢቱ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ተያይዟል። ድምሩ በ3 ያልቃል። የ1ና የ2 ፎሪንት ሳንቲሞች በ2008 ከገበያ ስለወጡ በጥሬ ገንዘብ ሲከፈል ወደ 5 ወይም ወደ 0 ይጠጋጋል። አባባ በእስክሪብቶ 3ቱን ሰርዘው 5 ጽፈዋል፣ ምክንያቱም ካሸሯ የተቀበለቻቸው ያን ያህል ነው። ከብሩ ላይ ትንሽ አትርፌ ሰጠኋቸው፤ መሳቢያቸውን ከፍተው የተረፈውን እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም መለሱልኝ። ጉርሻ ልስጥዎት ብል፣ «ጠዋት ለምታጸዳው ሴት ስጧት፣ ደረጃውን የምትጠርገው እሷ ናት» አሉ። ሰጠናት።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ እሳቸውን ማማከር ልማድ ሆነብን። ወሬ አያበዙም፣ ፈገግታም ብዙ የላቸውም። ጥያቄህን ሰምተው ትንሽ ዝም ይላሉ፣ ከዚያ በትክክል የጠየቅከውን ይመልሳሉ። ወደ ቡዳ ኮረብታ በገመድ የሚጎተተውን ጥንታዊ ባቡር ስንጠይቃቸው፣ «ቆንጆ ነው፣ ውድ ነው። በ16 ቁጥር አውቶብስ ውጡ፣ ካርዳችሁ ይሠራል፣ ስትመለሱ ግን በእግራችሁ ውረዱ» አሉን። የወንዙን ዳር ለማየት የጀልባ ትኬት ከመግዛት በፊት 2 ቁጥር ትራምን መስኮቱ ጋ ተቀምጣችሁ ሞክሩ ያሉትም እሳቸው ናቸው። ትራሙ በፔሽት በኩል የዳኑብን ዳር ተከትሎ ይሄዳል፤ ከወዲያ ማዶ ቤተ መንግሥቱ፣ ከወዲህ ፓርላማው። በዲሴምበር ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለችና ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ተሳፈሩ፤ ቀኑንም መብራቱንም በአንድ ጉዞ ታገኛላችሁ።

ትልቁ ውለታቸው የሴቼኒ ፍል ውኃ ነው። በ1913 የተከፈተ መታጠቢያ ነው፤ ከቤት ውጭ ያሉት ገንዳዎቹ በብርዱም አይዘጉም። አባባ ያሉን፦ በበዓልና በቅዳሜና እሑድ አትሂዱ፣ በሥራ ቀን ዋጋው ይቀንሳል፤ ፎጣ ከዚያ አትከራዩ፣ ከእኛ ውሰዱ፤ ነጠላ ጫማ እንዳትረሱ። የመጨረሻዋ ምክር ትርጉሟ የገባኝ እዚያ ስደርስ ነው። ከሕንፃው በር እስከ ገንዳው ያለው መንገድ አጭር ነው፣ ግን ድንጋዩ በረዶ ነው። ባዶ እግራቸውን የሚሮጡትን ሰዎች አየኋቸው፤ ያሳዝናሉ፣ ያስቃሉም። ውኃው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ እንፋሎቱ ከፊታችሁ ያለውን ሰው እስኪሰውርባችሁ ይወጣል፣ ፀጉራችሁ ላይ ያረፈው ጠብታ በረዶ ይሆናል፤ እስከ ደረታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው ቼዝ የሚጫወቱ ሽማግሌዎችም አሉ። ወደዚያ የሚወስደው ቢጫው ሜትሮ ራሱ መታየት ያለበት ነው። በ1896 ተመርቆ በአህጉራዊው አውሮፓ የመጀመሪያው የምድር ውስጥ ባቡር ሆኗል፤ ጥቂት ደረጃ ወርዳችሁ ባቡሩ ላይ ናችሁ። ፌርማታው «ሴቼኒ ፊርዶ» ይባላል፣ ከመታጠቢያው አጠገብ ያወርዳችኋል።

ማረፊያውን በተመለከተ ያለውን እንዳለ ልናገር። ክፍሉ ንጹሕና ሙቅ ነው፣ ግን ጠባብ ነው። መታጠቢያና ሽንት ቤት የጋራ ነው። የቁርሱ ነገር ዳቦና ማርማላታ ነው፤ ከእሱ ብዙ አትጠብቁ። ጠዋት የምትሠራው ልጅ ትሑት ናት፣ ግን የአባባን ያህል ከተማውን አታውቀውም። ከክፍያው ውጭ የቱሪስት ግብር ስትደርሱ ይጠየቃል፤ አባባ ቀድመው በጽሁፍ ስላሳወቁን አልደነገጥንም።

የማረፊያውን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። አባባ የሚገቡት ማታ ነው፤ ቀን የምትደርሱ ከሆነ ጥያቄያችሁን ከመነሳታችሁ በፊት ላኩላቸው፣ የበረራ ቁጥራችሁንም ጨምሩበት። ጉልበቱን የሚያመው ወይም ከባድ ሻንጣ የያዘ ሰው አብሯችሁ ካለ ደግሞ ስለ ደረጃው ቀድማችሁ ንገሯቸው፤ እንዳልነገርኳችሁ አትሁኑ።