ሴፋሪያ ለሳምንቱ ፓራሻ፦ የት ይረዳል፣ የት ያደናግራል

የሳምንቱን የቶራ ንባብ መከታተል የሚፈልግ ሰው ዛሬ ቤት ሙሉ መጽሐፍ መግዛት አይጠበቅበትም። ሴፋሪያ የተባለው ድረ ገጽና የስልክ መተግበሪያ ቶራን (አምስቱን የሙሴ መጻሕፍት)፣ ነቢያትን፣ ሚሽናን (የጥንት ሊቃውንት የቃል ሕግ ስብስብ)፣ ታልሙድን (በሚሽና ላይ የተደረገውን የሊቃውንት ክርክር)፣ ራሺ የተባለውን የመካከለኛው ዘመን ተንታኝ ማብራሪያና ዋና ዋናዎቹን የሕግ መጻሕፍት አንድ ቦታ አሰባስቧል። ብሬት ሎክስፓይዘርና ጆሹዋ ፎር እ.ኤ.አ. በ2011 የመሠረቱት ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ክፍያም ሆነ ማስታወቂያ የለበትም፤ አልፎ አልፎ የልገሳ ጥያቄ ብቅ ይላል እንጂ። እዚህ የሚገመገመው ግን ቤተ መጻሕፍቱ በሙሉ ሳይሆን አንድ አጠቃቀሙ ነው፦ የሳምንቱን ንባብ ይዞ ለዕለት ኑሮ የሚሆን ነገር ማግኘት ይቻላል ወይ? ይቻላል። ዘዴውን ግን ይዘው መግባት ያለብዎት እርስዎ ነዎት። ያለዚያ ከአንድ ጥቅስ ተነስተው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከየት እንደጀመሩ እንኳ ይጠፋዎታል።

ቶራ በ54 ፓራሻዎች (ሳምንታዊ የንባብ ክፍሎች) ተከፍሎ በዓመት አንዴ ይነበባል። ዙሩ ከሲምሐት ቶራ በዓል በኋላ በበሬሺት ይጀምራል። 54ቱ ከዓመቱ ሰንበቶች ጋር ሁልጊዜ ስለማይገጥሙ ሰባት ጥንዶች እንደየዓመቱ አብረው ወይም ተለያይተው ይነበባሉ። ርዝመታቸውም እጅግ የተራራቀ ነው፦ ናሶ 176 ጥቅስ ሲኖረው ቫዬሌክ 30 ብቻ አለው። ስለዚህ «በቀን አንድ ምዕራፍ» የሚለው እቅድ ብዙም አይዘልቅም። የሚሠራው ፓራሻውን ራሱ ባለው ክፍፍል መከተል ነው። እያንዳንዱ ፓራሻ በሰንበት ጠዋት ለሚጠሩት ሰባት ሰዎች በሰባት ዓሊያ (የንባብ ድርሻ) ይከፈላል፤ ከእሑድ እስከ ሰንበት በቀን አንድ ዓሊያ ካነበቡ ፓራሻው በሳምንቱ ያልቃል። ሴፋሪያ ላይ ቶራው ተከፍቶ ሳለ ከማሳያ ምርጫዎቹ ውስጥ የዓሊያ ምልክቶችን ማብራት ይቻላል። የዕብራይስጥ አናባቢዎችንና የዜማ ምልክቶችንም እዚያው ማሳየት ወይም መደበቅ ይችላሉ።

የመተግበሪያው ትልቁ ጉልበት ጥቅስ ሲነኩ በጎን የሚከፈተው ክፍል ነው። ማብራሪያ፣ ታርጉም (የአራማይክ ትርጉም)፣ ሚሽና፣ ታልሙድ፣ ሚድራሽ (የሊቃውንት ትርጓሜና ትረካ) እና ሕግ በየዘርፋቸው ተደርድረው ይመጣሉ፤ ከአጠገባቸው ስንት ማጣቀሻ እንዳለ የሚናገር ቁጥር አለ። ይኸው ቁጥር ነው ወጥመዱ። ትልቅ ቁጥር ያየ ሰው ሁሉን ልክፈት ይላል፣ አንዱንም ሳይጨርስ ይዘጋል። የሚያዋጣው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ጥቅሱን ብቻ፣ ቀጥሎ ራሺን፣ ከዚያ ሚሽና ካለ ሚሽናውን፣ መጨረሻ ላይ የሕግ መጽሐፉን። ታልሙድን ከመሀል ማስገባት ለጀማሪ አይመከርም፤ ምክንያቱን ወረድ ብለን እናየዋለን።

በኤሉል (በአይሁድ አቆጣጠር) ወር የሚነበበውን ኪ ቴጼ የተባለ ፓራሻ (ዘዳግም 21፥10 እስከ 25፥19) እንውሰድ። ሴፈር ሐሒኑክ በተባለው መጽሐፍ አቆጣጠር 74 ትእዛዛት ያሉበት ፓራሻ ስለሆነ ለኑሮ የሚሆን ነገር ለሚፈልግ ሰው ከሁሉ የተመቸ ነው። ሦስተኛው ዓሊያ የሚጀምረው 22፥8 ላይ ነው፦ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ለጣሪያው መከታ ያድርግ፣ ሰው ወድቆ ደም በቤቱ እንዳይሆን። ከጎን ባለው የሕግ ዘርፍ ውስጥ ራምባም (ማይሞኒደስ) የጻፈው ሚሽኔ ቶራ የተባለ የሕግ መጽሐፍ ይገኛል፤ ስለ ነፍሰ ገዳይና ነፍስ ስለማዳን በሚናገረው ክፍል ምዕራፍ 11 ላይ ዝርዝሩ አለ። የመከታው ከፍታ ከ10 ጤፋሕ (የመዳፍ ስፋት) ማነስ የለበትም፤ ይህም እንደ አለካኩ ከ80 እስከ 96 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ሰው ቢደገፈው የማይወድቅ ጠንካራም መሆን አለበት። ግዴታው በጣሪያ አያበቃም፦ ግቢው ውስጥ ያለ ጉድጓድም ክዳን ወይም አጥር ይፈልጋል። ታልሙድ ደግሞ (ባቫ ቃማ የተባለው ክፍል፣ ቅጠል 15፥ለ) ከዚሁ ጥቅስ ተነስቶ ክፉ ውሻ ማሳደግንና የተወላገደ መሰላል ቤት ውስጥ ማቆምን ይከለክላል። እዚህ ላይ ሴፋሪያ ተወዳዳሪ የለውም። ሦስት ጊዜ በመንካት ከሙሴ ዘመን ጣሪያ እስከ ቤትዎ የሚወዛወዝ መሰላል ይደርሳሉ፤ መንገዱም ምንጭ ያለው ነው፣ የሰባኪ ፈጠራ አይደለም።

ሰባተኛው ዓሊያ ውስጥ 24፥15 አለ፦ የቀን ሠራተኛን ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ ክፈል፣ ነፍሱን የጣለው በእርሱ ላይ ነውና። ራሺን ይክፈቱ። ይህ ሰው ስለ ምን ብሎ ነው ከፍ ያለ ቦታ ወጥቶ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለው፣ ለደመወዙ አይደለምን? ይላል። ነገሩ የተቀዳው ከባቫ መጺዓ 112፥ሀ ነው። ቀጥለው ሚሽናውን (ባቫ መጺዓ 9፥11) ቢከፍቱ የሰዓት ገደቡን ያገኛሉ፦ ቀን የሠራ ሌሊቱን ሙሉ፣ ሌሊት የሠራ ቀኑን ሙሉ ደመወዙን ይቀበላል። የሳምንት፣ የወር ወይም የዓመት ቅጥር ከሆነ ደግሞ ጊዜው የሚቆጠረው ሥራው ካለቀበት ሰዓት ጀምሮ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። የዚሁ ሚሽና 9፥12 ላይ አሠሪው ክፍያውን በማዘግየቱ ጥፋተኛ የሚሆነው ሠራተኛው ሲጠይቀው ነው ይላል። ይህን ብቻ አንብቦ የዘጋ ሰው «እንግዲያው ካልጠየቀኝ ዕዳ የለብኝም» ብሎ ሊወጣ ይችላል። ታልሙድን ያለ ቅደም ተከተል መክፈት የማይመከረውም ለዚህ ነው፦ ክርክሩን ከመሀል ይይዙታል፣ አንዱ የተናገረውን እንደ ፍርድ ይወስዱታል። በተግባር ምን እንደሚደረግ ማየት የፈለገ ሹልሐን ዓሩክ ወደተባለው የሕግ መጽሐፍ፣ ሖሼን ሚሽፓት በሚለው ክፍል ወደ ቁጥር 339 ይሂድ፤ የደመወዝ ሕግ ተጠቃሎ ያለው እዚያ ነው። ሴፋሪያ ክርክሩንና የሕግ መጽሐፉን ጎን ለጎን ያስቀምጣል እንጂ የትኛው እንደሚያስር አይነግርም። ማጣቀሻ ማለት «እዚህም ይህ ጥቅስ ተጠቅሷል» ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ እንዳይጠብቁበት።

አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ አጠገቡ ዘርግቶ የሚያነብ ሰው የቁጥር ልዩነት ይገጥመዋል። መተግበሪያው የሚከተለው የዕብራይስጡን አቆጣጠር ነው፣ ብዙዎቹ የአማርኛ ኅትመቶች ደግሞ ሌላውን። እዚሁ ኪ ቴጼ ውስጥ የዕብራይስጡ 23፥1 በሌላው 22፥30 ስለሆነ ምዕራፍ 23 እስከ መጨረሻው በአንድ ይዛነፋል፤ ወይን ተክል የገባ ሰው እስኪጠግብ ይብላ፣ በዕቃው ግን አይያዝ የሚለው በአንዱ 23፥25፣ በሌላው 23፥24 ነው። ምዕራፍ 24 ላይ እንደገና ይገጥማል። ዘሌዋውያን 5 እና 6፣ ዘኍልቍ 16 እና 17 ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። ስለዚህ በቃሉ እንጂ በቁጥሩ አይመሩ።

ሌላው ችግር የትኛው ፓራሻ የማን ሳምንት ነው የሚለው ነው። በእስራኤልና ከእስራኤል ውጭ ያለው ንባብ አንዳንድ ዓመት ይለያያል። ለምሳሌ በ2026 እ.ኤ.አ. ከእስራኤል ውጭ የሚከበረው የሻቩዖት ሁለተኛ ቀን ሰንበት (ሜይ 23) ላይ ይውላል። በዚያ ቀን እስራኤል ናሶን ስታነብ ውጭ ያለው ማኅበረሰብ የበዓሉን ንባብ ያነባል። ልዩነቱ የሚዘጋው ውጭ ያሉት ሑቃትንና ባላቅን አጣምረው በሚያነቡበት በጁን 27 ነው። ለዚህ ጉዳይ ሴፋሪያን ብቻ ከማመን ሂብካል የተባለውን ሌላ ነጻ ድረ ገጽ አብሮ መጠቀም ይሻላል። «እስራኤል» ወይም «ዲያስፖራ» ብሎ መርጦ፣ የየዓሊያውን ጥቅስ፣ ሐፍታራውን (ከነቢያት የሚነበበውን) እና የሻማ ማብሪያውን ሰዓት ወደ ስልክ የቀን መቁጠሪያ መጫን ይቻላል። በአይሁድ አቆጣጠር ሔሽቫን 29 የሚውለው የቤተ እስራኤል በዓል ስግድም የእስራኤል በዓላት ዝርዝር ውስጥ አለ። የሻማውን ሰዓት ሲወስዱ ከፀሐይ መግቢያ በፊት ስንት ደቂቃ እንደተሞላ ይዩ፤ የተለመደው 18 ነው፣ የኢየሩሳሌም ልማድ ግን 40 ነው።

ተጠቃሚዎች የሚያዘጋጁት የምንጭ ስብስብም አለ። ማንም ማዘጋጀት ስለሚችል ጥራቱ እንደ አዘጋጁ ነው። ጥሩው ምንጮቹን ሙሉ ያስቀምጣል፣ ደካማው ግማሽ ዓረፍተ ነገር ቆርጦ የራሱን ስብከት ይደርብበታል። መለያው ቀላል ነው፦ ጥቅሱን ነክተው ሙሉውን ይክፈቱ፣ ከተቆረጠው በፊትና በኋላ ያለውን ያንብቡ።

የገጹ ቁልፎችና ምናሌዎች በዕብራይስጥና በእንግሊዝኛ ብቻ ናቸው። ለአማርኛ አንባቢ ይህ ትክክለኛ ቅሬታ ነው። በግዕዝ ኦሪት ያደገ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ያስተውል፦ የቤተ እስራኤል ኦሪት ከአምስቱ መጻሕፍት ጋር ኢያሱን፣ መሳፍንትንና ሩትን አንድ ላይ ይይዛል፤ እዚህ ቶራ ሲባል አምስቱ ብቻ ናቸው፣ የቀሩት በሌላ ክፍል ይፈለጋሉ። ራሺና ታልሙድም ከቄሶቹ ወግ ውጭ የመጡ ስለሆኑ ሽማግሌ የነገረዎትና ገጹ ላይ ያለው ባይገጥም ሁልጊዜ አንዱ ስህተት ነው ማለት አይደለም።

ስልኩ ላይ መጻሕፍቱን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል፤ ለመንገድ ጥሩ ነው፣ ለሰንበት ግን አይሆንም፣ ሰንበት ጠባቂ ስልክ አይነካምና። ስለዚህ የሰንበቱን ዓሊያና ራሺውን ዓርብ ቀን ሳይመሽ ያትሙ። በዕብራይስጥ የፈጣሪ ስም ያለበት ወረቀት ቆሻሻ ውስጥ አይጣልም፤ ለብቻው ተሰብስቦ ወደ ምኩራቡ የጌኒዛ ሣጥን ይገባል። ይህን የማይፈልግ ሰው የሚያትመውን ትርጉሙን ብቻ ያድርግ፣ ዕብራይስጡን ከማሳያው አጥፍቶ።